ስድስተኛው ጣት

እየቀዳ ነው? ቀዩ በርቷል። እሺ፣ እየቀዳ ነው።

ሰላም። ዛሬ መግቢያ ሙዚቃ የለም፤ ለማስገባት ትዕግስቱ አልነበረኝም። አዎ፣ ወንበሩ አሁንም ይንቋቋል። አልቀየርኩትም። ስለ ወንበሩ ብቻ የምትጽፉልኝ ሰዎች፣ እወዳችኋለሁ፣ ግን ተዉኝ።

«የሳምንቱ ጉድ»ን፣ ያን ከሳጥኔ አንድ ጉድ አውጥቼ የምንስቅበትን ክፍል፣ ዛሬ ልዘለው ነበር። ልዘለው ስል... አልዘለውም፣ ግን እንደ ወትሮው አይሆንም። ሳጥኑ አልጋ ስር ነው፤ አልጎተትኩትም። ጠረጴዛው ላይ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱንም ሳጥኑ ውስጥ ልክተተው ብዬ አስራ አንድ ቀን ሙሉ እያነሳሁ እጥለዋለሁ። አልገባ አለኝ። ማለቴ ይገባል፣ መዳፍ አያክልም። እኔ ነኝ ያቃተኝ።

ያ የኮሚክ፣ የሥዕል ታሪክ መጻሕፍት፣ ትርኢት ነበር አይደል? ስሄድ ነግሬያችሁ ነበር፤ ባዶ ቦርሳ ይዤ ሄጄ ባዶ ኪስ ይዤ እመለሳለሁ ምናምን እያልኩ። የደረሰውም እንደዛው ነው። ግን መጨረሻው ረድፍ ጋ፣ ጥጉ ላይ፣ አንዲት ልጅ ነበረች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ላይ ተለጣፊው፣ ፖስተሩ፣ ቦርሳው ተደርድሯል። እሷ ፊት አንድ ዓይነት ኮሚክ ብቻ ተከምሯል። ሠላሳ ኮፒ፣ ቢበዛ አርባ። ያቺ ከአንድ ወረቀት የምትሠራዋ ዓይነት። ሦስት ጊዜ ታጥፋላችሁ፣ መሀሉን አንዴ በመቀስ ትሰነጥቃላችሁ፣ ስምንት ገጽ ይወጣችኋል። ስቴፕለር አትፈልግም። አይዞህ ጋሽ ስቴፕለር፣ አንተን አልረሳሁም።

አነሳሁት። ርዕስ የለውም። ቃል የሚባል ነገር የለበትም። ሽፋኑ ላይ የበር እጀታ የያዘ እጅ አለ። ገልጬ ሳይ ያው እጅ ብርጭቆ ያጥባል። ቀጥሎ ያው እጅ የሸሚዝ ቁልፍ ይቆልፋል። እዚህ ጋ ጣቶቹን ቆጠርኩ። ለምን ቆጠርክ እንዳትሉኝ፤ እናንተም ትቆጥራላችሁ። በፈረንጆቹ ከ2022 ወዲህ፣ ኤአይ የሚሉት ማሽን እጅ እያበላሸ መሳል ከጀመረ ወዲህ፣ የሥዕል ጣት የማይቆጥር ሰው አለ?

ስድስት።

ሳቅኩ። ፈገግ አላልኩም፣ ሳቅኩ። ሳጥኑን ስከፍት የምስቃትን ሳቅ ታውቋታላችሁ፣ እሷን። ከዛ ልጅቷ ፊት ቆሜ፣ ድምፄን ዝቅ እንኳ ሳላደርግ፣ «ውይ፣ ኤአይ ነው እንዴ? ጣት አበዛብሽ!» አልኳት።

ጣት አበዛብሽ።

የሆነ ወዳጅነት ያለው ቀልድ መስሎኝ እኮ ነው። ሁለታችንም ማሽኑ ላይ የምንስቅ መስሎኝ። ማሽኑ ግን እዛ አልነበረም። እዛ የነበረችው እሷ ናት።

ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እጇን ዘርግታ ኮሚኩን ተቀበለችኝ። ያንን ገጽ ገለጠች። ሰው የሳለው ነገር እንደሆነ ሳይሆን፣ መንገድ ላይ ወድቆ እንዳገኘችው አድርጋ አየችው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፣ ቆጠረች። ከዛ «አዎ። ስድስት ነው» አለች። በቃ። መልሳ አጠፈችው፣ ክምሩ ላይ አደረገችው፣ ጠርዙ ከሌሎቹ ጋር ስላልገጠመ በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ አስተካከለችው። ከዛ ደግሞ፣ «ይወስዱታል ጋሼ?»

ስለ ጋሼው ሌላ ኤፒሶድ እንሠራለን። እሱ የራሱ ቁስል ነው።

ወሰድኩት። ሁለት ወሰድኩ እንጂ። አጥፍቶ ይቅርታ ማለት ያቃተው ሰው ሁለት ይገዛል። መልሱን ያዢው አልኳት፤ እምቢ አለች። ሳንቲም ሳታጎድል ቆጥራ ሰጠችኝ። ቆጠራ ላይ ጎበዝ ናት።

እሺ ቆይ። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሚኪ ማውስ ስንት ጣት አለው?

አራት። አንዱ እጁ ላይ አራት። ይህንን አይቶ «ምስኪን፣ አንዷ የት ሄደች?» ያለ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የካርቱን ሰዎች ከጥንት ጀምሮ አንዷን ጣት ይቀንሳሉ። ፊልሙን በእጅ ስትስሉት፣ በሺህ የሚቆጠር ሥዕል ነው፤ አንዲት ጣት ማለት ብዙ ቀን ማለት ናት። ደግሞ አምስቱም ትንሽ ክብ እጅ ላይ ሲታጨቁ አያምሩም። ዘ ሲምፕሰንስ የሚባለው ካርቱን ላይ ሰዉ ሁሉ አራት ጣት ነው፤ እግዚአብሔር ብቅ ሲል ግን አምስት አለው። ይሄን ባወቅኩ ቀን ለእህቴ ደውዬ በሌሊት የነገርኳት እኔ ነኝ። ስልኩን ዘጋችብኝ።

እና ምን ልል ነበር... ሲጎድል ስታይል ነው፣ ሲበዛ ስህተት ነው። ማነው እንደዛ ያለው? እኔ ነኝ መሰለኝ። ኤአይ ሥዕል ሲጀምር እጅ ያበላሽ የነበረው እኮ ምክንያት አለው፤ የተማረባቸው ፎቶዎች ላይ እጅ ትንሽ ነው፣ ግማሹ ኪስ ውስጥ ነው፣ ግማሹ ዕቃ ይዞ ተደብቋል። ስንት ጣት እንዳለ የሚነግረው የለም። እሺ፣ እሱ አያውቅም። እኔስ? እኔ አምስት ብቻ ነው ብዬ ያወቅኩት ከየት ነው? ስድስት ጣት ይዞ የሚወለድ ሰው አለ እኮ። አንድ አብሮኝ የተማረ ልጅ ነበር፣ ሁሌም እጁን እንደጨበጠ ነው የሚ...

አይ፣ እሱን ተዉት። እሱን አልናገርም።

ዜና ቃል ገብቼላችሁ ነበር። የዳይመንድን ነገር። አጭር ላድርገው፣ ልቤ እዛ የለም። ዳይመንድ ማለት አሜሪካ ውስጥ ለብዙ ዓመት ኮሚክን ለሱቆች ያደርስ የነበረው ትልቁ አከፋፋይ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ብቸኛው ማለት ይቻላል። 2020 ላይ ትልቁ አሳታሚ ዲሲ ጥሎት ሄደ፣ ቀጥሎ ሌላው ትልቅ አሳታሚ ማርቭል። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2025 ኪሳራውን ይዞ ፍርድ ቤት ገባ። የሚያናድደው ከዛ በኋላ የመጣው ነው። መጋዘኑ ውስጥ የትናንሽ አሳታሚዎች መጻሕፍት አሉ፣ «ሸጠህ ክፈለኝ» ተብለው በአደራ የተቀመጡ። እነሱም ተሸጠው ዕዳ ይከፈልባቸው የሚል ጥያቄ ለፍርድ ቤቱ ቀረበ። አስቡት። አደራ ያስቀመጣችሁት ነገር የአደራ ተቀባዩን ዕዳ ሊከፍል። አሳታሚዎቹ ኧረ ዕቃው የእኛ ነው ብለው ተቃወሙ። ከእነዚህ ውስጥ ሦስትና አራት ሰው ሆነው የሚሠሩ አሉ። ስለዚህ ያቺ ልጅ አከፋፋይ የሚባል ነገር ሳታውቅ ክምሯን ይዛ ጠረጴዛ ላይ መቀመጧ... ምናልባት ብልህ እሷ ናት። ምናልባት ደግሞ ሌላ ምርጫ የላትም። አላውቅም።

ሌላው የተናደድኩበት ነገር፣ በራሴ ላይ ነው የተናደድኩት፣ 2023 ላይ የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ስለ አንድ ኮሚክ ውሳኔ ሰጥቶ ነበር። ሥዕሉ ሚድጆርኒ በሚባል ሥዕል የሚሠራ ኤአይ የተሠራ ነው። ቢሮው ጽሑፉና የገጾቹ አሰላለፍ የደራሲዋ ነው፣ ሥዕሎቹ ግን ሰው የሠራቸው ስላልሆኑ መብት የላቸውም አለ። ያኔ እዚሁ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አጨበጨብኩ። «የሰው እጅ ይታወቃል» ብዬ ፎከርኩ። ማህደሩ ውስጥ አለ፣ ሄዳችሁ ስሙት። አትስሙት።

የሰው እጅ ይታወቃል! ስምንት ገጽ ሙሉ እጅ ብቻ ይዞ ቀርቦልኝ አላወቅኩትም።

ስለ ሳቄ ሳስብ ደግሞ ፍሌቸር ሃንክስ መጣብኝ። የቆያችሁ ሰዎች ታስታውሱታላችሁ፤ ስንት ጉድ አወራንበት። በፈረንጆቹ ከ1939 እስከ 1941 ኮሚክ ሠራ፣ ጻፈ፣ ሳለ፣ ፊደሉን ሳይቀር ራሱ አሰፈረ፣ ከዛ ጠፋ። ያ ስታርደስት የሚባለው ጀግናው፣ አንገቱ ከጭንቅላቱ የሚሰፋው፣ ክፉውን ሰውዬ ጭንቅላት ብቻ አድርጎ የሚያስቀረው። ስንት ሳቅን። ፖል ካራሲክ የሚባል ሰው ሥራዎቹን ሰብስቦ 2007 ላይ እስኪያወጣቸው ድረስ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። ካራሲክ ሠዓሊውን ሲፈልግ ስሙ አንድ የሆነ ሽማግሌ አገኘ። እሱ መስሎት ሄደ። ልጁ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ስለ አባቱ የነገረው ምን መሰላችሁ? ሰካራም፣ ሚስቱን የሚደበድብ፣ ልጆቹን የሚደበድብ፣ ጥሏቸው የሄደ። 1976 ላይ ኒው ዮርክ ውስጥ መናፈሻ አግዳሚ ወንበር ላይ በብርድ ሞቶ ተገኘ።

ይሄን በነገርኳችሁ ቀን «ዋው፣ እንዴት ያለ ታሪክ ነው» ብዬ ወደሚቀጥለው ጉድ አለፍኩ። ወደ ጡቡ ይመስለኛል። አዎ ጡቡ ነበር። የኢግናትዝ ሽልማት፣ ከ1997 ጀምሮ ለገለልተኛ ኮሚክ የሚሰጠው፤ አሸናፊው የሚቀበለው እውነተኛ ጡብ ነው። ክሬዚ ካት በሚባለው የድሮ የጋዜጣ ኮሚክ ላይ ኢግናትዝ የሚባለው አይጥ ድመቷን በጡብ ስለሚመታ። ድመቷ ደግሞ ጡቡን የፍቅር መልዕክት ነው ብላ ታስባለች። ከ1913 እስከ 1944 ሲመታት ኖረ። ያን ቀን ስለ ኤርፖርት ፍተሻ ቀለድኩ፤ ሻንጣህ ውስጥ ምንድነው፣ ሽልማቴ ነው ምናምን። ከሞተ ሰውዬ ወደ ጡብ ቀልድ፣ መሀሉ ላይ ትንፋሽ እንኳ የለም።

መሳቅ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ኒንጃ ኤሊዎቹ እኮ በቀልድ ነው የተጀመሩት። ሁለት ጓደኛሞች ለመሳሳቅ አንድ ሥዕል ሳሉ፣ 1984 ላይ በራሳቸው ገንዘብና በተበደሩት ሦስት ሺህ ኮፒ አሳተሙ። ስቱዲዮአቸውን «ሚራዥ» አሉት፣ የሌለ ነገር ያለ መስሎ ሲታይ እንደማለት፣ ስቱዲዮ የሚባል ነገር ስለሌላቸው። ይሄ ደስ የሚል ሳቅ ነው። ግን ቀልዱን የጀመሩት እነሱ ናቸው። እኔ... እኔ ያልተቀለደ ቀልድ ላይ ነው የሳቅኩት። ልዩነቱ እዚህ ጋ ይመስለኛል። ወይም አይደለም። ስታርደስትም አልቀለደም እኮ፣ እሱ ላይ ግን አሁንም ብስቅ እስቃለሁ። ስለዚህ ይሄ ንድፈ ሐሳቤ አልሠራም፣ ጣሉት።

ያን ማታ ቤት ገብቼ አነበብኩት። በትክክል አነበብኩት፣ መብራት ስር። የፎቶ ኮፒው ቀለም አውራ ጣቴ ላይ ቀረ። መሀለኛው ሁለት ገጽ፣ አራትና አምስት፣ አንድ ሥዕል ነው፤ እጁ መርፌ ይዟል፣ ክሩ ከግራ ገጽ ወደ ቀኝ ገጽ ይሄዳል፣ እጥፉ ላይ፣ ያቺ የመቀስ ስንጥቅ የምታልቅበት ጫፍ ጋ ያልፋል። ክሩ እዛ ጋ በእውነት የተቆረጠ ይመስላል። ይሄን አስባበት ነው? ከዛ እጁ መብራት ያጠፋል። ከዛ ትራስ ላይ ተኝቷል፣ ተዘርግቶ። እና ሁሉም ገጽ ላይ ስድስት ነው። ተኝቶም ስድስት። ስድስተኛዋ ከትንሿ ጣት አጠገብ ናት፣ ትንሽ ወደ ውጭ ዞር ያለች፣ ጥፍር አላት። ማሽን ይሳሳታል፣ ግን አንዱ ጋ ስድስት፣ ሌላው ጋ አራት ያደርጋል። ይህቺ ግን አንድ ሰው እጅ ላይ ያለች፣ የምትታወቅ ጣት ናት። ልጅቷ የማንን እጅ እንደሳለች አላውቅም። የራሷን አይደለም፤ መልሱን ስትቆጥርልኝ አይቻለሁ።

ያኔ ደግሞ ለምንድነው የቆጠርኩት? ተመልከቱኝ፣ ይቅርታ ልል ቆሜ የእሷን ጣት ቆጥሬያለሁ።

ኢሜይል ጀምሬያለሁ። አንደኛው «ሰላም፣ ያ ሰውዬ ነኝ» ይላል። ሁለተኛው ሦስት ገጽ ሆነ፤ ፍሌቸር ሃንክስ ሳይቀር ገባበት፣ ይታያችሁ። ሦስተኛው «ይቅርታ» ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ አጭር ሲሆን የተቆጣ ሰው ይመስላል። አድራሻዋ እዚህ ጀርባው ላይ አለ፣ ታች፣ በጣም ትንንሽ ፊደል ነው። አላነብላችሁም። ከአድራሻው በላይ ያው እጅ ስኒ ይዞ...

ቆይ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት... አምስት።

ይሄን ገጽ አልቆጠርኩትም ነበር። የጀርባ ገጽ ማን ይቆጥራል? አምስት ነው። ምናልባት ከስኒው ጀርባ ሄዳ ነው። አይ፣ ትንሿ ጣት እኮ በዚህ በኩል ናት፣ ትታያለች፣ ከአጠገቧ መሆን ነበረባት። ባዶ ነው። ወይስ የጣት ጥላ ናት ይቺ? ኮፒው ደብዝዟል።

ረስታው ይሆን? ወይስ... ሌላ ሰው ነው? ይሄኛው እጅ የሌላ ሰው ነው?

ሁለተኛው ኮፒ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ከዛን ቀን ጀምሮ አላወጣሁትም። ያው ፎቶ ኮፒ ነው፣ ምን ሊለያይ ነው። ግን ላምጣው። ወንበሩ ሊጮህ ነው፣ ይቅርታ። አትዝጉት፣ መጣሁ—