መርፌው ከመተከሉ በፊት፦ ወደ ማሳጅና አኩፓንክቸር ማዕከል ሲሄዱ

[ምስል፦ ዘንባባ የተተከለበት የባሕር ዳር ጎዳና፤ ባጃጆች ይተላለፋሉ።]

ጎጃም ውስጥ እጁ የወለቀበት ወይም ወገቡን የያዘው ሰው ከድሮ ጀምሮ ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል፤ መታሸቱም ሆነ ዋገምቱ ለአገሩ ሰው እንግዳ አይደለም። አክስቴን ይዤ ባሕር ዳር ወዳለ አንድ የሰፈር ማሳጅና አኩፓንክቸር (ቀጭን መርፌ ሰውነት ላይ በመትከል የሚሰጥ ሕክምና) ማዕከል በሄድሁበት ዕለትም እሳቸውን ያስጨነቃቸው መታሸቱ ሳይሆን መርፌው ነበር።

መርፌው ግን በጤና ጣቢያ የምናውቀው ዓይነት አይደለም። የጤና ጣቢያው መርፌ መድኃኒት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ስላለው ወፈር ይላል፤ ከቻይና የመጣው የአኩፓንክቸር መርፌ ግን ድፍን ሲሆን፣ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 0.25 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ባለሙያው በተመረጡ የሰውነት ነጥቦች ላይ ተክሎ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያቆየዋል፤ ታካሚውም በቦታው የመክበድ ወይም የመደንዘዝ ስሜት ሊሰማው ይችላል።

[ምስል፦ የታሸገ መርፌ ሲቀደድ፣ በቅርበት።]

ባለሙያዋ አክስቴን ከማስተኛቷ በፊት «እማማ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ? አንድ እግርዎ ብቻ አብጦብዎት ያውቃል?» ስትል ጠየቀቻቸው። ጥያቄዎቹ ለወግ ያህል የሚቀርቡ አይደሉም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በቀላሉ ሊደማ ይችላል፤ አንድ እግሩ ብቻ ያበጠበት ሰው ደግሞ በደም ሥሩ ውስጥ ደም ረግቶበት ከሆነ፣ መታሸቱ የረጋውን ደም አላቅቆ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። ይህን ሳይጠይቅ «ይተኙ» የሚልዎት ቤት ካጋጠመዎት፣ ይሉኝታ ሳይይዝዎት ተነሥተው ይውጡ።

ቀጥላም የመርፌውን እሽግ በፊታችን ቀደደች፤ ስትጨርስ የነቀለቻቸውን አንድ በአንድ ቆጥራ ቢጫው ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ጣለቻቸው። ለሌላ ሰው ያገለገለ መርፌ ሄፓታይተስ ቢን የመሰለ በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ እሽጉ ሲቀደድ በዓይንዎ ማየት መብትዎ ነው።

ስለ ጥቅሙ ሐኪሞች አንድ ቃል አይደሉም። የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ለወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ከሚገባቸው መካከል ማሳጅንና አኩፓንክቸርን ሲጠቅስ፣ የእንግሊዙ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2016 አኩፓንክቸርን ለወገብ ሕመም አልመከረም፤ በ2021 ግን መንሥኤው ላልታወቀ ሥር የሰደደ ሕመም ሊታሰብ ይችላል ብሏል። ስለዚህ ሕመምን ያስታግሳል ቢባል ያስኬዳል፤ ስኳርን ወይም ካንሰርን ያድናል የሚል ማስታወቂያ ግን ሊታመን አይገባም። የወገብ ሕመምዎ እግር የሚያሰንፍ፣ ሽንት መቆጣጠር የሚያሳጣ ወይም ትኩሳት ያለበት ከሆነ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ለጿሚዎች አንድ ነገር ልጨምር። ባዶ ሆድ መርፌ የሚተከልለት ሰው ሊያዞረውና ራሱን ሊስት ይችላል፤ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ቀጠሮዎን እህል ከቀመሱ በኋላ ያድርጉት፤ ሲጨርሱም ከአልጋው ቀስ ብለው ይነሡ።