ሻንጣው ከሞተሩ ጋር ገደል ገባ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ። ውጭ ዝናብ እየጣለ ስለሆነ የቆርቆሮው ድምፅ ከረበሻችሁ ይቅርታ። የደብረ ማርቆስ ሐምሌ ነው፣ ምን ላድርገው።

ሰሞኑን ከአክስቴ ልጅ ጋር በስልክ ስናወራ ነበር። ካናዳ፣ ካልጋሪ ነው የሚኖረው። ከሥራ ጓደኞቹ ጋር በክረምት ተራራ ላይ እየወጣ ስኖውሞቢል ይነዳል። የእነሱን ክረምት ማለቴ ነው፣ ከኅዳር በኋላ ያለውን። ስኖውሞቢል ምን መሰላችሁ፣ የበረዶ ሞተር በሉት። ከፊት ሁለት መንሸራተቻ አለው፣ ከኋላ ደግሞ እንደ ታንክ ሰንሰለት የሚሽከረከር የጎማ ቀበቶ። መንገድ አይፈልግም። ከመኪና መንገድ ርቆ፣ ሰው ከሌለበት ዱር ነው የሚነዳው። «አንተ፣ ለዚህ ነው እንዴ አገር ለቀህ የሄድከው?» አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ምን አለኝ፣ «እዚህ መጀመሪያ የሚነግሩህ፣ ነፍስህን የሚያተርፈውን ዕቃ ከሞተሩ ጋር እንዳታስረው ነው። ከገላህ ጋር ነው የሚታሰረው»።

ዝም አልኩ። እሱ ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎት «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል። እኔ ግን ሐሳቤ ጮቄ ተራራ ሄዷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2010 ዓ.ም.፣ ሰኔ መጨረሻ አካባቢ፣ የመስክ ሥራ ላይ ነበርኩ። በመሥሪያ ቤት ሞተር እኔ እነዳለሁ፣ ባልደረባዬ ከኋላ ይፈናጠጣል። ከደብረ ማርቆስ ተነስተን በሮብ ገበያ ከተማ አድርገን ወደ ላይ እንወጣለን። ሥራችን የገበሬውን ድንች ማየት ነው። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ገብስና እንግዶ ነው፣ ከዚያ አስታ ይመጣል፣ ከዚያ ጓሳና ጅብራ። ጮቄ ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ በሸሚዝ የጠጣኸው ሻይ እዚያ ላይ ትዝታ ነው።

ስንመለስ በረዶ ጣለብን። የእኛ በረዶ፣ እንደ ሽምብራ እየሆነ የሚወርደው። በአማርኛ ከሰማይ የሚወርደውም፣ ካናዳ የሚከመረውም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም ሁሉም በረዶ ነው፤ የአክስቴ ልጅ «እኔ በበረዶ ላይ ስነዳ አንተ ትቀናለህ፣ አንተም እኮ ነድተሃል» የሚለኝ ለዚህ ነው። በሩብ ሰዓት ውስጥ መንገዱ ነጭ ሆነ። ከሥሩ ጭቃ ነው። ቆመን ማሳለፍ ነበረብን። አልቆምንም። መሽቶብናል፣ ርቦናል፣ «ትንሽ ነች የቀረችው» ተባባልን።

አንድ ኩርባ ላይ የኋላ ጎማው ከዳኝ። እኔ ወደ ተራራው በኩል ወደቅሁ። የባልደረባዬ እግር በሞተሩና በድንጋይ መሀል ገባ፣ ከዚያ ሞተሩ ለቀቀውና እየተንከባለለ ገደል ወረደ። ከነሻንጣው።

ሻንጣው ላይ ትንሽ ልቆይ። እኔ ጠንቃቃ ነኝ ብዬ የማስብ ሰው ነበርኩ። ጓደኞቼ «ፋርማሲው» ነው የሚሉኝ። ሻንጣው ውስጥ ፋሻ አለ፣ አዮዲን አለ፣ ጓንት፣ የዝናብ ልብስ፣ ጋቢ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሁለት ፓኮ ብስኩት። ሁሉም በፌስታል በፌስታል ተጠቅልሎ። ከሞተሩ ኋላ በላስቲክ ጥርቅም አድርጌ አስሬዋለሁ። እንዳይወድቅ። አልወደቀም እኮ! ከሞተሩ ጋር ሆኖ ሃያ ሠላሳ ሜትር ወርዶ፣ ዥው ያለ ገደል ውስጥ፣ ዓይኔ እያየው ቁጭ አለ።

ወደ ባልደረባዬ ዞርኩ። ቅልጥሙ ተሰብሯል። ሱሪው ተቀዷል፣ ከውስጥ ነጭ ነገር ይታያል። ደሙ እየወረደ ከእግሩ ሥር ያለውን በረዶ አሟሙቶ ጉድጓድ ሠራ። ያለኝ አንገቴ ላይ የጠመጠምኳት ፎጣ ብቻ ነበረች። እሷን ጫንኩበት።

እዚህ ጋ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይሠራዋል። በየደቂቃው እየገለጥኩ አያለሁ። ቆመ? አልቆመም። ቆመ? አልቆመም። ደም ለመርጋት ጊዜ ይፈልጋል። ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሳይነሳ በሁለት እጅ መጫን አለበት፤ ጨርቁ ከራሰ ሌላ ጨርቅ በላዩ ይደረባል እንጂ የመጀመሪያው አይነሳም። እኔ የረጋውን ደም በገዛ እጄ እየነቀልኩ ነበር።

ሁለተኛው ስህተት ብርዱ ነው። ጃኬቴን አውልቄ ከላይ አለበስኩት። ጎበዝ! ከታች ግን እርጥብ መሬት ላይ ተኝቷል። መሬት ሙቀት ይመጥጣል፣ ይመጥጣል፣ አይጠግብም። መጀመሪያ ከሥር ነበር ማንጠፍ የነበረብኝ፣ ጓሳም ቢሆን አጭዶ። ይሄ የምቾት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ሰውነት ሲቀዘቅዝ ደም በደንብ አይረጋም። የሚደማ ሰው ከበረደው የበለጠ ይደማል። የአክስቴ ልጅም ጓደኛው ሲጎዳ መጀመሪያ የሚያደርገው ከበረዶው ላይ ማንሳት ነው አለኝ።

ስልክ? ስልክ ኪሴ ነበር፣ ዕድሜ ለኪሴ። ኔትወርክ ግን የለም። መደወል ሲያቅት አጭር መልእክት አንዳንዴ እንደሚሾልክ ያኔ አላሰብኩትም። «ኧረ የሰው ያለህ!» ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ በአምስተኛው ጩኸት ሄደ።

እረኞች ሰሙ። አንዱ ልጅ ባዶ እግሩን በዚያ በረዶ ላይ ሲሮጥ አየሁት። ግማሽ ሰዓት እንኳን አልሞላም፣ መንደሩ ቃሬዛ ተሸክሞ መጣ። አንድ አዛውንት ከፊት አሉ። «አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ፤ ወንድምህ ነው?» አሉኝ። «አዎ አባቴ» አልኳቸው። ምን ልበል ሌላ።

ከዚያ ሁሉም የሚያውቀውን ይዞ መጣ። አንዲት እናት የተወቀጠ ቡና ቁስሉ ላይ ሊነሰንሱለት። አንድ ጎልማሳ አረቄ፣ «ቅመስ፣ ያሞቅሃል»። በፍቅር ነው፣ በክፋት አይደለም። አረቄ ግን የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ ቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ከፍቶ የውስጡን ሙቀት ያወጣዋል። ቡናውም ቁስሉን ያቆሽሸዋል፣ ሐኪሙ በኋላ አንድ በአንድ ነው የሚለቅመው። እኔ ይሄን ሁሉ አላውቅም ነበር። ባልደረባዬ ራሱ ነው «እማማ፣ ተዉት፣ ይቃጠላል» ያለው።

ወጌሻም መጡ። እዚህ ላይ ልቤ ቆሞ ነበር። ወጌሻ በቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ አስሮ፣ እግር ሲያብጥ ማሰሪያው አልላላ ብሎ፣ ደም መሄጃ አጥቶ እግር የተቆረጠበት ሰው አውቃለሁ። እኚህ ሰው ግን ጎንበስ ብለው አዩት፣ ምንም ሳይነኩ ቀና አሉ። «አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል። ይሄ የእኔ አይደለም። የሐኪም ነው» አሉ። በሥራዬ ብዙ ባለሙያ አይቻለሁ፤ «ይሄ የእኔ አይደለም» የሚል ግን ጥቂት ነው።

እንዲሁ ትተውን አልሄዱም። ከሁለት ሰዎች ዱላ ተቀበሉ። አንዱን ከእግሩ በዚህ በኩል፣ አንዱን በዚያ በኩል አጋደሙት፣ ከጭኑ እስከ ተረከዙ አልፎ። ከጉልበቱ በላይም ከቁርጭምጭሚቱ በታችም እንዲይዝ ማለት ነው። መሀል መሀሉን በጨርቅ ሞሉት። ከአንዲት ሴት መቀነት ወስደው ከስብራቱ ላይና ታች አሰሩ፣ ስብራቱን ራሱን አልነኩትም። ከዚያ ጣታቸውን ከማሰሪያው ሥር አስገብተው ሞከሩ። ገባ። የእግሩን ጣቶች ጨበጥ አደረጉና «ይሰማሃል?» አሉት። ከዓመት በኋላ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ሥልጠና ስወስድ፣ አሠልጣኙ በፕሮጀክተር ያሳየን ይህንኑ ነው። ዱላ የለውም እንጂ።

ሦስት ሰዓት ያህል እየተፈራረቁ ተሸከሙት። አንድ ወጣት ቀድሞ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥቶ የወረዳውን አምቡላንስ ሹፌር በስሙ ጠርቶ ደወለለት። ቁጥሩ ስልኩ ውስጥ አለ፣ ሚስቱን ለወሊድ ሲወስዱለት የያዘው። እኔ፣ ፋርማሲው፣ አንድም የአምቡላንስ ቁጥር አልያዝኩም ነበር። የቀይ መስቀሉ 907 ነው፣ እሱን ያዙ። ግን የምትሄዱበትን ወረዳም ያዙ።

ሆስፒታል ደረስን፣ ቁስሉ ታጠበ፣ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ተወጋ፣ ብረት ገባለት። ዛሬ ይራመዳል። ብርድ ሲመጣ ግን ከሜትዮሮሎጂ ቀድሞ ያውቃል።

ታዲያ አሁን ምን ትይዛለህ ካላችሁ፣ ወገቤ ላይ አንዲት ቦርሳ አለች። ሞተር ላይም ሆኜ፣ በእግሬም ስሄድ አትለየኝም። ትንሽ ናት፣ ለዚህ ነው የማልጥላት። ፋሻ ሁለት፣ ጓንት፣ ፊሽካ፣ ላይተር፣ እስክሪብቶ፣ ያቺ እንደ ቸኮሌት መጠቅለያ የምታብረቀርቀው ብርድ ልብስ። ፊሽካዋ አሥር ብር የማታወጣ ነች የምትመስለው፣ ግን ድምፅ ሲሄድ እሷ አትሄድም። ሦስት ጊዜ ነፍታችሁ ዕረፉ፣ እንደገና ሦስት።

ቱርኒኬትም አለኝ፣ የሚደማን እጅ ወይም እግር ጥብቅ አድርጎ አስሮ ደም የሚያቆም ማሰሪያ ማለት ነው። ስለሱ ትንሽ ልበል፣ ሰው ወይ ይፈራዋል ወይ ያለ ቦታው ይጠቀመዋል። የሚፈስሰው እንደ ቧንቧ ከሆነና በመጫን አልቆም ካለ ብቻ ነው። አዋቂ ሰው ያለው ደም አምስት ሊትር ገደማ ነው፤ ትልቅ የደም ሥር ከተቆረጠ ያ በደቂቃዎች ያልቃል። ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ደሙ እስኪቆም ይጠበቃል። ያማል፣ ይጮኻል፣ አታላሉት። እስክሪብቶዋ ለዚህ ናት፤ የታሰረበት ሰዓት ግንባሩ ላይ ይጻፋል። ሐኪሙ እስኪያገኘው አይፈታም። ቀጭን ገመድና ሲባጎ ግን አይሆንም፣ ሥጋ ይቆርጣል እንጂ ደም አያቆምም።

የአክስቴ ልጅ የእሱን ዝርዝር ሲነግረኝ ሳቅ መጣብኝ፣ አንድ ቤት የሚሞላ ዕቃ ነው። ለበረዶ ናዳ ብቻ ሦስት ነገር አለ። ሲግናል የሚልክ ቢከን አለ፣ እሱ ደረት ላይ ከጃኬት ሥር ይታሰራል፣ ቦርሳ ውስጥ እንኳን አይገባም። በረዶ የሚወጋ ታጣፊ ረጅም ዘንግ፣ አካፋ፣ እነዚህ ጀርባ ላይ። ናዳ የቀበረው ሰው በመጀመሪያዎቹ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃዎች ካልወጣ ዕድሉ ያሽቆለቁላል። ሄሊኮፕተር አይደርስለትም። የሚያወጣው አብሮት የሚነዳው ሰው ነው። ስለዚህ በየዓመቱ መጀመሪያ ቢከን በረዶ ውስጥ ቀብረው መፈለግ ይለማመዳሉ። «እኛኮ አንድ ላይ የምንነዳው ለጨዋታ ብቻ አይደለም፣ እርስ በርስ አምቡላንስ ነን» አለኝ።

እኔም የጮቄውን ነገርኩት። ስለ ቃሬዛው፣ ስለ ዱላው፣ ስለ መቀነቱ። «ይሄንን ሁሉ ሰው በምን ጠራኸው?» አለኝ። «በጩኸት»። ትንሽ ዝም አለ። «እኛ ጋ ብትጮህ የሚሰማህ የለም» አለ።

እ… አንድ ነገር ረስቼ። በመስከረም፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ለማመስገን ስኳርና ቡና ይዤ ወደ መንደሩ ወጣሁ። አዛውንቱ ቤት ገብቼ ጠላ ቀመስኩ። ከጓዳ ምን ይዘው ቢመጡ ጥሩ ነው? ሻንጣዬን። እረኞቹ ገደል ወርደው አውጥተውት ኖሯል። ከፈትኩት። ፋሻው ከነማሸጊያው አለ። አዮዲኑ አለ፣ ጓንቱ አለ። ጋቢው ትንሽ ሻግቷል። ብስኩቱ ብቻ የለም። ልጆቹን ቀና ብዬ ባይ፣ ሁሉም ጣራ ጣራ ያያሉ።