የቀሩት 29 ቀናት

የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ የተከበራችሁ የወረዳችን ምክር ቤት አባላት፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ከየቀበሌው የመጣችሁ ቤተሰቦች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

እኔ ባለሙያ አይደለሁም። የአእምሮ ህመም ያለበት ወንድም ያለኝ ሴት ነኝ። በጀቱ ከመጽደቁ በፊት ተናገሪ ስላላችሁኝ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ወንድሜ የታመመው አሥረኛ ክፍል እያለ ነው። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ። ቀጥሎ ብቻውን ማውራት ጀመረ። ሊመርዙኝ ነው እያለ እናታችን የሠራችውን እንጀራ እንኳ እምቢ አለ። ጸበል ወሰድነው፤ ሁለት ዓመት ተመላለስን። ሲብስበት አባቴ ከጓዳው ምሰሶ ጋር በሰንሰለት አሰረው። እባካችሁ አባቴን ክፉ ሰው አድርጋችሁ እንዳታዩት። ብረቱ የልጁን ቁርጭምጭሚት እንዳይልጠው የራሱን ጋቢ ቀዶ ይጠቀልልለት ነበር። ማታ ማታ አጠገቡ ይተኛል። ወጥቶ ገደል እንዳይገባ፣ መኪና እንዳይገጨው ፈርቶ ነው። ሌላ መላ የሚያሳየው ሰው አልነበረም።

ያኔ ለዚህ ህመም ሐኪም ቤት ሲባል የምናውቀው አዲስ አበባ ያለውን አማኑኤልን ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት አንድ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር ያን ሁሉ አገር የያዘው። ዛሬ ግን ጤና ጣቢያችን የሠለጠኑ ነርስ አሉ። በየወሩ መርፌውን ይወጉታል። ሰንሰለቱም ተፈቷል። ለዚህ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ግን ወሩ 30 ቀን ነው። መርፌው የአንድ ቀን ነው። እኔ የመጣሁት ስለ ቀሩት 29 ቀናት ልነግራችሁ ነው።

መድኃኒቱ ያስርባል። የሚወስድ ሁሉ ያውቀዋል። ቤት ውስጥ የሚበላ ሲጠፋ፣ "እህቴ፣ ይሄን መድኃኒት ልተወው፤ ረሃቡን አልቻልኩትም" ይለኛል። እጁም ይንቀጠቀጣል። መንገድ ላይ ልጆች እየተከተሉ ስም ያወጡለታል። ለቅሶ አይደርስ፣ ሠርግ አይጠራ፣ እድር ውስጥ አይቆጠር። ቀን ከሌት ግድግዳ እያየ ይውላል። ከዚያ አንድ ቀን መድኃኒቱን ይተዋል። ህመሙም ይነሳበታል። ያኔ በግ ይሸጣል፣ ኮንትራት መኪና ይያዛል፣ አራት ጎረምሳ ይዞት ከተማ ይወርዳል። ሦስት ጊዜ ደርሶብናል። ይህ ወጪ በማንም መዝገብ ላይ የለም፤ ግን ከዚሁ ወረዳ ኪስ ነው የወጣው።

ባለፈው ጥቅምት ጨው እንዲገዛ ሱቅ ላክሁት። ከደጃፉ ተመለሰ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን አብሬው ሄድኩና ከሱቁ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ባለሱቁ "ደህና ነህ ወይ?" ብሎ በስሙ ጠራው። ጨዉን ገዛ። መልሱን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። እጁ አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ፊቱ ግን በራ። እኔ መዳን የምለው ይሄንን ነው። መርፌ ብቻውን እዚህ አያደርስም። አብሮ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል።

ይሄ የእኔ ምኞት ብቻ አይደለም። በጉራጌ ምድር፣ ሶዶ ወረዳ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሞክረውታል። ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ህመም ያለባቸውን 166 ሰዎች ይዘው ሠሩ። ሁሉም በጤና ጣቢያ ይታከማሉ። ከፊሎቹ ጋር ግን በተጨማሪ የሠለጠኑ ሰዎች ለአንድ ዓመት ቤታቸው ድረስ ይመላለሱ ነበር። ሐኪሞች አልነበሩም። ቤተሰቡን ያነጋግራሉ፣ ከጎረቤት ያስታርቃሉ፣ ወደ ሥራ ይመልሳሉ። በ2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውጤቱ ታትሟል፤ ቤታቸው ድረስ የተሄደላቸው ከሌሎቹ በተሻለ የዕለት ኑሯቸውን መምራት ችለዋል። ያለነው እዚሁ አገር ነው፤ ኑሯችንም ያው ነው። እኛ ጋ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ለወረዳው ከመንግሥት የሚመጣው የበጀት ድጎማ አብዛኛው በደመወዝ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ብዙ አልጠይቅም። በበጀቱ ላይ ለዚህ ሥራ በራሱ ስም የተጻፈ አንድ የወጪ መደብ ይኑረን። ለጊዜው ለሁለት ቀበሌ ቤት ለቤት የሚመላለስ አንድ ሰው ይቀጠር። አሥረኛ ክፍል የጨረሰ፣ ሰው የሚያከብር የሰፈር ልጅ ይበቃል። አበልና የትራንስፖርት ይታሰብለት። የጤና መድን መዋጮ የሚሸፈንላቸው አቅመ ደካሞች ሲመረጡ፣ እነዚህ ቤቶች አይረሱ። የታመመው ሰው ስብሰባ ላይ ወጥቶ "እኔም ችግረኛ ነኝ" አይልምና ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የአርሶ አደር ማሠልጠኛው አዳራሽ ደግሞ ከሰዓት ባዶ ነው። ከታመሙት ጋር ተገናኝተን እንድንነጋገር በወር አንዴ ይከፈትልን። ቡናውን እኛ እናፈላለን።

ፕሮጀክት ይግባ ትሉ ይሆናል። ፕሮጀክት መልካም ነው፤ ግን ጊዜው ሲያልቅ ይሄዳል። ወንድሜ እዚሁ ይቀራል። እናንተም እዚሁ ናችሁ። ስለዚህ ነው ወደ እናንተ የመጣነው።

ወንድሜ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ዛሬ ራሱ ሊናገር ነበር፤ ጠዋት ፈራ። በጀቱ በሚጸድቅበት ቀን ተመልሰን እንመጣለን። እስከዚያ ይለማመዳል።

አመሰግናለሁ።