ለምን ይህን መረጥክልኝ?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬም የምቀርጸው ከአራት ኪሎ፣ ከዚያችው ከምታውቋት ክፍል ነው፤ ጣሪያው አሁንም ስለሚያፈስ የባልዲው ድምፅ ጣልቃ ከገባ ታገሡኝ። ለዚህ ሳምንት ያሰብኩት፣ ብዙዎቻችሁ በጠየቃችሁኝ መሠረት፣ አኒሜ፣ ማለትም የጃፓን የካርቱን ፊልም፣ አይቶ የማያውቅ ሰው ከየት ቢጀምር እንደሚሻል ለመናገር ነበር። ማስታወሻዬንም አዘጋጅቼ ነበር፤ ነገር ግን ባለፈው እሑድ የአክስቴ ልጅ ቤት የሆነው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣልህ ብሎኝ፣ ማስታወሻውን ገና ከመጀመሪያው መስመር ማለፍ አቅቶኛል።

ለጀማሪ ዘወትር የምሰጠውን መልስ ታውቁታላችሁ። ልብ ሰቀላ የሚወድ ሰው 37 ክፍል ባለው «ዴዝ ኖት» ይጀምር፤ ረጅም ታሪክ ከነማሰሪያው የሚፈልግ ደግሞ የ64 ክፍሉን «ፉልሜታል አልኬሚስት፦ ብራዘርሁድ» ይያዝ። እነዚህን መምከር ቀላል ነው፤ ተመልካቹ ማንም ይሁን ማን፣ ገና በመጀመሪያው ክፍል ይዘውት ይሄዳሉ። የሚያስቸግረው ዝግ ያለውን መምከር ነው። ዝግ ያለ ተከታታይ ብዙ ባዶ ቦታ ይተዋል፣ ያንንም ቦታ ተመልካቹ ከራሱ ሕይወት በሚያመጣው ነገር ይሞላዋል። ስለዚህ መካሪው ያ ሰው በዚያ ሰሞን ምን ተሸክሞ እንደሚኖር ማወቅ አለበት።

ጋሼን፣ የዚህችን የአክስቴን ልጅ አባት፣ ከቀደሙት ክፍሎች ታውቋቸዋላችሁ። አርባቸው ከወጣ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። ልጃቸው ምሽቱ እየረዘመባት «እስቲ አንተ ከምታያቸው አንዱን አምጣልኝ» ብትለኝ፣ «ፍሪረን»ን በፍላሽ ይዤላት ሄድኩ። እ.ኤ.አ. በ2023 በጃፓን መታየት የጀመረ ነው፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ 28 ክፍል አለው፤ ሥዕሉ ያምራል፣ ጩኸት አይበዛበትም፣ ለጀማሪም አይከብድም ብዬ ነበር የመረጥኩት።

ታሪኩ የሚነሣው ሌሎች ታሪኮች ከሚያልቁበት ቦታ ነው። አራት ጓደኛሞች ከ10 ዓመት ጉዞ በኋላ የአጋንንቱን ንጉሥ አሸንፈው ወደ ከተማ ይመለሳሉ። ከአራቱ አንዷ ፍሪረን ከ1,000 ዓመት በላይ የኖረች ኤልፍ፣ ማለትም ዕድሜዋ እጅግ የሚረዝም የተረት ፍጥረት፣ በመሆኗ 10 ዓመት ለእርሷ እንደ አንድ ሰሞን ነው፤ በየ50 ዓመቱ የሚዘንቡትን ተወርዋሪ ኮከቦች ያን ጊዜ አብረን እናያለን ብላ ተሰናብታቸው ትሄዳለች። ስትመለስ የቡድኑ መሪ ሂመል ሸምግሎ ትደርሳለች። ኮከቦቹን አብረው ያያሉ፤ ከዚያም ይሞታል። በቀብሩ ላይ ፍሪረን ፊቷ ሳይለወጥ ትቆማለች፣ ቀባሪዎቹም ስለ እርሷ ያንሾካሹካሉ።

የአክስቴ ልጅ መነጽር ተሰብሮ ስለነበር የእንግሊዝኛውን የግርጌ ጽሑፍ እኔ ነበርኩ በአማርኛ የማነብላት። ላፕቶፑ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል፤ እርሷ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ሲኒዋን በሁለት እጇ ይዛለች። የቀባሪዎቹን ንግግር «አብራው የኖረች አይደለችም እንዴ? ለምን አታለቅስም?» ብዬ ተረጎምኩላት። በገዛ አንደበቴ።

ጋሼ የተቀበሩ ዕለት እርሷም አላለቀሰችም። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይህንኑ ሲባባሉ ከኋላቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። ይህን ክፍል ደግሞ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ሲኒዋን አስቀመጠችና እጇን ዘርግታ አቆመችው።

«ይህን ቀድመህ አይተኸዋል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ታዲያ ለምን ይህን መረጥክልኝ?»

በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ በእርግጥ ማወቅ ፈልጋ ነበር የጠየቀችው። እኔም «ከአራተኛው ክፍል በኋላ እየጣመ ይሄዳል» ብዬ መለስኩላት።

እሺ አለችና ሲኒዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። በረካው ሳይጠጣ ቀረ።

ያልኳት ነገር ሐሰት አይደለም፤ የጃፓኑ ጣቢያ ራሱ የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች በአንድ ምሽት አከታትሎ ነው ያሳያቸው፣ ምናልባት ታሪኩ የሚይዘው ያንን ያህል ከተራመደ በኋላ ስለሆነ። ነገር ግን እርሷ የጠየቀችኝ ስለ አባቷ ነበር። ምናልባት እንዲያም አይደለም፤ ምናልባት ስለ እኔ ነው የጠየቀችው፣ ማለትም በዚያ ቀን ስታለቅስ ስላላየኋት ምን እንዳሰብኩ። እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

ስለ ዝግታ ካነሣን፣ ጋሼ ሳሎን በዲሽ እናየው የነበረውን «ካፒቴን ማጂድ» አስታወሰኝ። እ.ኤ.አ. የ1983ቱ የጃፓን «ካፒቴን ጹባሳ» መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ለእኛ በዐረብኛ የሚናገር የኳስ ልጅ ነበር፣ አንዳችንም ዐረብኛ አንችልም። ሜዳው ማለቂያ የለውም፤ ልጁ እየሮጠ ያስባል፣ ያስታውሳል፣ ተቀናቃኙም ያስታውሳል፤ ኳሷ በአየር ላይ እንዳለች ክፍሉ ያልቃል። ጋሼ ለምሳ ገብተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ በልተው ሲነሡ «ኳሷ ገና አልደረሰችም?» ይሉ ነበር፤ ብለውም ቁጭ ይላሉ። ወደ ሥራ መመለሳቸውን ትተው ቁጭ ይላሉ! በሁለታችን መካከል፣ እጃቸውን በልጃቸው ትከሻ ላይ አድርገው፣ አንድም ቃል ሳይገባቸው እስከ መጨረሻው ያዩ ነበር። ከዚያ ውጭ ስለ ጋሼ ምን ምን እንደማውቅ ሰሞኑን ለመቁጠር ሞክሬ ብዙ አልሄድኩም።

ዝግ ያለ ለምትወዱ፣ ያለ ምንም ስጋት የምሰጣችሁ «ሙሺሺ»ን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ፣ 26 ክፍል ያለው ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ስለሚቆም ከፈለጋችሁበት መጀመር ትችላላችሁ። ጊንኮ የሚባል መንገደኛ፣ እንስሳም ዕፅም ባልሆኑ ረቂቅ ፍጥረታት የተያዙ ሰዎችን እየዞረ ያክማል። ሁሉንም አያድንም። የምወድለት ግን መድኃኒት ሣጥኑን ከመክፈቱ በፊት ቁጭ ብሎ መጠየቁን ነው፤ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ሌሊት ነው ወይስ ቀን፣ ቤተሰብ ውስጥ ሌላ የታመመ አለ ወይ ይላል፤ መልሱን እስኪጨርሱለትም ዝም ብሎ ይሰማል። እኔ ያን እሑድ አንድም አልጠየቅኋትም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ደግሞ ያቆመችበት ቦታ ነው። ፍሪረን ታለቅሳለች። ከዚያ ሹክሹክታ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ ሰውየውን ለማወቅ ለምን እንዳልሞከረች እየተናገረች በሁሉም ፊት ታለቅሳለች፤ የአክስቴ ልጅ ግን ያንን አላየችም። ፍላሹ እርሷ ዘንድ ነው፤ ከሄድኩ በኋላ ብቻዋን ጨርሳው ይሆናል፣ ካስቀመጥኩበትም አላነሣችው ይሆናል። ትናንት ማታ ደውዬ ልነግራት ስልኬን አንሥቼ ነበር። ነገር ግን ቀጥይው ብላት አልቅሺ ያልኳት ይመስልባታል፤ ዝም ብል ደግሞ ከእነዚያ ሴቶች ጋር እንደቆምኩ ትቆጥረዋለች፤ ወይም ምንም አልቆጠረችው ይሆናል፣ እኔ ነኝ እንጂ እሑድን ደጋግሜ የምመላለስበት…