በዝግታ እንዲሄድ የተሠራ ሞተር

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። በዚህ ክፍል የምነግራችሁ ሱሉልታ ካለው ቤቴ ጓሮ፣ በቆርቆሮ በተሠራች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ለሁለት ዓመት ከመንፈቅ ስጠግነው ስለቆየሁት አሮጌ ሞተር ሳይክል ነው። ያማሃ ቲዋይ 175 ይባላል። ወደ እኔ የመጣው ተበታትኖ በአራት የማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ ሲሆን፣ ሻሲው በጋሪ ተጭኖ ተከተለው። አንድ የውጭ አገር ሰው ትቶት ከሄደ በኋላ በአንድ ግቢ ጥግ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ኖሯል። ሊብሬው ስለጠፋ አስፋልት ላይ እንደማልነዳው ስገዛውም አውቅ ነበር። የፈለግሁት የተሠራበትን ሥራ ሲሠራ ማየት ነው።

የተሠራበት ሥራ ትራያል የተባለ ውድድር ነው። በትራያል ፍጥነት አይለካም። ነጂው ሞተሩ ላይ ቆሞ፣ ድንጋይ፣ ጭቃና ወንዝ የሞላበትን አጭር መንገድ እግሩን መሬት ሳያስነካ ማለፍ ይጠበቅበታል። በተለመደው አቆጣጠር አንድ ጊዜ ካስነካ 1 ነጥብ፣ ሁለት ጊዜ ካስነካ 2፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ካስነካ 3 ይመዘገብበታል፤ መንገዱን መጨረስ ካልቻለ ደግሞ 5። የሚያሸንፈው ጥቂት ነጥብ የተቆጠረበት ነው። በዚህ ውድድር ለብዙ ዓመታት የነገሡት ከባድ ባለ አራት ምት የእንግሊዝ ሞተሮች ነበሩ። ከዚያም የቤልፋስቱ ተወላጅ ሳሚ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ ስፔኑ ቡልታኮ ተዛውሮ፣ ሸርፓ ቲ የተባለውን ቀላል ባለ ሁለት ምት ሞተር አብሯቸው ሠራና በ1965 የስኮትላንድን የስድስት ቀን ትራያል አሸነፈበት። ያማሃም በበኩሉ ሚክ አንድሪውስ የተባለውን እንግሊዛዊ ቀጥሮ የቲዋይን ዘር አዳበረ፤ አንድሪውስ ያንኑ የስኮትላንድ ውድድር በ1974 እና በ1975 በያማሃ አሸንፏል። እኔ ጓሮ ያለው ታናሽ ወንድሙ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ታሪክ ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ቮላኖውን፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረውን ከባድ የብረት ክብ፣ ይዤ ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ባልሄድኩ ነበር። ከረጢቶቹን ባራገፍኩበት ሰሞን ቮላኖው ለአንዲት 171 ሲሲ ሞተር እጅግ የከበደ መስሎኝ፣ ዝገቱን ሲጠርጉልኝ በዚያው አሳንሰው እንዲያቀሉልኝ ጠየቅኋቸው። ቶርኖ ቤቱ የአንድ አዛውንት ነው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ቮላኖውን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ዝቅ ከፍ አድርገው መዘኑና፣ «ልጄ፣ ይህን ያከበደው ሰው ምክንያት ነበረው። ምክንያቱን ሳትነግረኝ አልቆርጥልህም» አሉኝ። በዚያን ቀን የምመልሰው አልነበረኝም። ምክንያቱ በኋላ ገባኝ፤ ሞተሩ በሰው እርምጃ ፍጥነት ድንጋይ ሲወጣ፣ በአንዱ ፍንዳታና በሚቀጥለው መካከል እንዳይጠፋ ጉልበቱን አጠራቅሞ የሚያሻግረው ያ ክብደት ነው። የመጀመሪያው ማርሽ እጅግ ማጠሩም፣ መቀመጫው ዝቅ ማለቱም ሆነ የፊት ቸርኬው 21 ኢንች መሆኑ ከዚሁ ዝግታ የመነጨ ነው። ዝገቱን ብቻ አስጠርጌ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ለእርሳቸው ያለብኝ ምስጋና እስከ ዛሬ አላለቀም።

የፒስተኑን ፋሻ፣ የፍሪሲዮኑን ሸራና የጭስ መውጫውን ማርሚታ ስለማግኘት ብዙ አላወራም። ምናለሽ ተራ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተመላለሰ የሚፈልግ ሰው ውሎ አድሮ ያገኛል፤ ያላገኘውን ቶርኖ ቤት ያሠራል። በዝርዝር ልነግራችሁ የምፈልገው ሞተሩ ከተነሣ በኋላ የሆነውን ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭሱ ወፍራም ነበር፤ ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ስፈታው ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ይወጣል። ምክንያቱን ወዲያው አወቅሁ፣ ያወቅሁትም ትክክል ነበር። ሱሉልታ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ፋብሪካው ካርቡሬተሩ ውስጥ ያስገባው ጂግለር፣ ማለትም ቤንዚኑ የሚያልፍባት የናስ ቀዳዳ፣ ወፍራም አየር ላለበት አገር የተለካ ነው። በእኛ ቀጭን አየር ያው ቀዳዳ ቤንዚን ያበዛል። ሁለት ደረጃ አሳነስኩት፤ ጭሱ ቀነሰ፣ ካንዴላውም የቡና ቀለም ያዘ። በጣም ደስ አለኝ።

ከሳምንት በኋላ ሞተሩ ሲሞቅ፣ የጋዝ መስጫውን ዘግቼው እያለ ድምፁ አልወርድ ብሎ ወደ ላይ መጮህ ጀመረ፤ ካንዴላውም ወደ ነጭ ተለወጠ። ጂግለሩን ከልክ በላይ አሳንሼዋለሁ ብዬ አንድ ደረጃ መለስኩት። ጩኸቱ አልቀረም። ጠዋት ብርዱን፣ ቀትር ላይ ሙቀቱን ምክንያት እያደረግሁ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጂግለር ስለዋውጥ ከረምኩ። አሁን መለስ ብዬ ሳስበው የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ጂግለር ሥራውን የሚሠራው ጋዙ በሰፊው ሲከፈት እንደሆነ አውቅ ነበር። ጋዙ ተዘግቶ እያለ የሚጮህ ሞተር ጥፋቱ ሌላ ቦታ እንደሆነ ዕውቀቴ ይነግረኝ ነበር። ነገር ግን የከፍታው ጉዳይ እውነት ስለነበረና አንድ ጊዜ ስለሠራልኝ፣ ከእርሱ ጀርባ ሌላ ጥፋት ሊኖር እንደሚችል ማየት ተሳነኝ። ከሦስት ሳምንቱ ይልቅ የሚያስደነግጠኝ፣ በዚያ ሁኔታ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብነዳው ኖሮ ፒስተኑ ግሎ ሲሊንደሩን ሊነክስ ይችል እንደነበር ነው። በባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱ ከቤንዚኑና ከአየሩ ጋር የሚገባው ፒስተኑ በሚያሽከረክረው ዘንግ፣ በክራንክ ሻፍቱ ቤት በኩል ስለሆነ፣ ቤቱ አየር ሳያስገባ መዘጋት አለበት፤ ሌላ አየር ከሾለከበት ቤንዚኑም ዘይቱም ለአየሩ ያንሳሉ።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቮላኖውን ፈታሁ፤ ማውጫውን ጋሼ ቶርኖ ላይ ሠርተውልኝ ነበር። ካርቡሬተሩን አውልቄ መግቢያውን፣ ማርሚታውን አውልቄ መውጫውን፣ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ በቆረጥኩት ቁራጭ አሸግሁ። ፒስተኑን ወደ ታች አወረድኩት፤ ያን ጊዜ ሲሊንደሩና የታችኛው ክፍል አንድ ቤት ይሆናሉ። በካንዴላው ቀዳዳ በኩል በብስክሌት መንፊያ ቀስ አድርጌ አየር ሞላሁ። ኦይል ሲሎቹ፣ ማለትም በክራንክ ሻፍቱ ዙሪያ የሚያሽጉት የጎማ ቀለበቶች፣ እንዳይገፉ ግፊቱ ትንሽ መሆን አለበት። ከዚያ የሳሙና አረፋ በቀለም ብሩሽ መቀባት ጀመርኩ። ሲሊንደሩ ከታችኛው ክፍል የሚገጥምበት ደህና ነበር። ቡሎኖቹም ዙሪያ ምንም የለም። ቮላኖው ከተነሣበት ጀርባ፣ ክራንክ ሻፍቱ ብቅ ከሚልበት ኦይል ሲል ከንፈር ላይ ግን አንዲት የሽምብራ ፍሬ የምታህል አረፋ ቀስ ብላ አበጠች፣ ፈነዳች፤ በቦታዋም ሌላ አበጠች። ምን ያህል ጊዜ ተንበርክኬ እንዳየኋት አላውቅም። ኦይል ሲሉን አውጥቼ በጥፍሬ ስጫነው እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጠቀ። ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ የሚይዘው፣ ሲሞቅ ከብረቱ የሚላቀቀው እርሱ ነበር።

አዲሱን የገዛሁት ጎኑ ላይ የታተመውን ልክ አሳይቼ ነው፤ ከአንድ ኪሎ ቡና ያነሰ ዋጋ አወጣሁበት። ከንፈሩን ዘይት ቀብቼ፣ በሰፊ ቧንቧ ዙሪያውን እኩል እየገፋሁ ከተትኩት። የመጀመሪያውን ትንሽ ጂግለር መልሼ ገጠምኩና ካንዴላው እንደገና የቡና ቀለም ያዘ። ጋዙን ስዘጋው ድምፁ ወርዶ ተረጋጋ።

ባለፈው ቅዳሜ በማለዳ፣ ባሕር ዛፉን ካለፉ በኋላ ወደምትገኘው ድንጋያማ ወንዝ ገፋሁት። በአንደኛ ማርሽ፣ ቆሜ፣ ጋዙን ሳልነካ ሊባል በሚችል ዝግታ ገባሁ። የሞተሩ ምት አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። ትልቁ ድንጋይ ላይ የፊት ጎማው ሲወጣ ሊጠፋ ነው ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ጋሼ አልቆርጥም ያሉት ቮላኖ አሻገረው። ማዶ እስክደርስ እግሬን ሁለት ጊዜ ውኃው ውስጥ አስነካሁ፤ 2 ነጥብ ማለት ነው። የነዳጅ ታንኩ ገና ቀለም አልተቀባም፤ የፊት ፍሬኑም አጥብቆ አይዝም። እርሱን ካስተካከልኩ በኋላ ወደዚያችው ወንዝ እመለሳለሁ።