እድሳቱ ይመዝገብ፣ ለታክስ ግን አይቆጠር፦ ለአቃቂ ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የአቃቂና የቃሊቲ ነዋሪዎች፣ የተከበራችሁ የእድር ዳኞች፣ ከክፍለ ከተማውና ከየወረዳው የመጣችሁ የገቢዎችና የግንባታ ፈቃድ ባለሙያዎች፣

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። አንድ ባለይዞታ አሮጌ መኖሪያ ቤቱን ሲያድስ፣ በእድሳቱ ምክንያት በቤቱ ላይ የጨመረው ዋጋ ለተወሰኑ ዓመታት በንብረት ታክስ ግምት ውስጥ እንዳይገባ የከተማው አስተዳደር ደንብ አውጥቶ ይወስን የሚል ሐሳብ ይዤ ቀርቤያለሁ። እኔ የግንባታ መሐንዲስ እንጂ የሕግ ባለሙያ አይደለሁምና ከመሠረቱና ከግድግዳው ልጀምር፤ ወደ ሕጉ ኋላ እመጣበታለሁ።

የባቡር ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ አቃቂን አልፎ ነው። በጣቢያው ዙሪያ፣ በኋላም በፋብሪካዎቹ ዙሪያ ሠራተኛው ከደመወዙ እየቆጠበ የሠራቸው ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ከላይ ቆርቆሮ፤ አቅም ሲገኝ ደግሞ ከጎን የተቀጠለ የብሎኬት ክፍል። እነዚህን ቤቶች በእንጦጦ ሥር ካሉት መሰሎቻቸው የሚለያቸው የቆሙበት አፈር ነው። ጥቁሩ መረሬ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ቤቱም አብሮት ይነሣል፣ አብሮትም ይወርዳል። በዚህ አካባቢ ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የወረደ ስንጥቅ የሌለበት የቆየ የብሎኬት ግድግዳ ማግኘት ይቸግራል። ስንጥቁን በሲሚንቶ መድፈን ደግሞ እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ ብቻ የሚያገለግል ሥራ ነው፤ ቁም ነገሩ ከጣሪያ የሚወርደውን ውኃ በአሸንዳ ሰብስቦ ከመሠረቱ ማራቅ፣ በተጎዳው በኩልም አፈሩን አውጥቶ ገረጋንቲ መሙላት ነው።

የጭቃ ቤት ሕመም የሚጀምረው ከታች ነው። ቋሚው መሬት ውስጥ የተቀበረበት ክፍል በእርጥበት ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይበላዋል፤ ከጉልበት በላይ ያለው ግድግዳ ግን ገና ብዙ ዘመን የሚያገለግል ሊሆን ይችላል። እግሩ በመበስበሱ ብቻ «አርጅቷል፣ ይፍረስ» የተባለ፣ ሊድን ይችል የነበረ ቤት ብዙ አይቻለሁ። ጣሪያውን በድጋፍ ይዞ የበሰበሰውን ቆርጦ ማውጣትና ቋሚዎቹን በድንጋይ መሠረት ላይ ማሳረፍ የሚቻል ሥራ ነው፤ ወጪውም ቤቱን አፍርሶ እንደ አዲስ ከመሥራት ጋር አይወዳደርም። ነዋሪውም ከሰፈሩ፣ ከእድሩና ከልጆቹ ትምህርት ቤት ሳይነቀል ይቀራል።

እንግዲህ ይህ ሥራ ከታክስ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ቤት ሲገመት የሚመዘገበው ዐይን የሚያየው ነው፦ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ፣ ወለሉ ሊሾ ይሁን ሴራሚክ፣ ኮርኒስ መኖር አለመኖሩ፣ የጣሪያው ሁኔታ። ከመሬት በታች የተሠራው መሠረት አይታይም፤ የተለሰነውና የተቀባው ግድግዳ ግን ከመንገድ ይታያል። ስለዚህ ባለቤቱ በጥገናው የተነሣ ግምቱ እንዳይወጣበት ሲፈራ፣ ቤቱን ሆን ብሎ አሮጌ አስመስሎ ይይዘዋል። ከደንበኞቼ መካከል ውስጡን አሳምረው የውጪው ጭቃ እንዳይነካ ያሉኝ አሉ። አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ዝናብ የሚመታው ውጪውን ነው።

ቀደም ሲል ይህ ፍርሃት ያን ያህል አልነበረም። «የጣሪያና ግድግዳ» እያልን ስንከፍለው የኖርነው ግብር መነሻው የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80/1968 ሲሆን፣ ግብሩ የሚሰላው ቤቱ በዓመት ሊያስገኝ ይችላል ተብሎ በሚገመተው ኪራይ ላይ ነበር። ያ ግምት ለረጅም ዘመን ሳይታደስ በመቆየቱ፣ ቤትህን ብታድስም ባታድስም የምትከፍለው ብር አይለዋወጥም ነበር ማለት ይቻላል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ግን ስሌቱን ለውጦታል። ታክሱ የሚታሰበው ከንብረቱ የገበያ ዋጋ ወይም የመተኪያ ዋጋ፣ ማለትም መልሶ ለመሥራት ከሚያስፈልገው ወጪ፣ 25 በመቶ በሚሆነው ላይ ሲሆን፣ በሕንፃ ላይ የሚጣለው ምጣኔ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ነው።

በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል የቤቱ የመተኪያ ዋጋ 2 ሚሊዮን ብር ቢሆን፣ ታክስ የሚጣለው በ500 ሺህ ብር ላይ ነው፤ ይህም እንደ ምጣኔው በዓመት ከ500 እስከ 5,000 ብር ያስከፍላል። እድሳቱ በቤቱ ላይ 600 ሺህ ብር ቢጨምር፣ ታክስ በሚጣልበት ዋጋ ላይ የሚጨመረው 150 ሺህ ብር ነውና፣ ጭማሪው ከ150 እስከ 1,500 ብር ይሆናል። የቦታው ድርሻ ለብቻው ስለሆነ እዚህ አላስገባሁትም።

«ለዚህች ብር ብሎ ማን እድሳት ይተዋል?» የሚል ሰው ይኖራል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በዝቅተኛው ምጣኔ ከሆነ በእውነቱ ማንም አይተውም። ነገር ግን በጡረታ ገቢ የሚኖር ሰው የሚፈራው የዘንድሮውን 1,500 ብር አይደለም፤ ገማቹ አንድ ጊዜ በሩን ካንኳኳ በኋላ ግምቱ ወዴት እንደሚያድግ አለማወቁ ነው። በዚያ ላይ የእድሳቱን ወጪ ከእቁብ፣ ከዘመድ፣ ከብድር አሰባስቦ ኪሱ ባዶ በሆነበት ዓመት ነው የታክሱ ጭማሪ የሚመጣበት። እፎይታው የሚሰጠው ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ይህን ያህል ዓመት አይነካህም የሚል፣ በጽሑፍ የሰፈረ ዋስትና ነው።

ሌሎች ከተሞች ይህን መንገድ ሞክረውታል፤ የተሳካላቸውም የተሳሳቱበትም አለ። የኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1955 ጄ-51 በመባል የሚታወቀውን ፕሮግራም የጀመረችው ማሞቂያና ሙቅ ውኃ የሌላቸው አሮጌ የኪራይ ሕንፃዎች እንዲታደሱ ነበር፤ በእድሳቱ የጨመረው ዋጋ ለዓመታት ከታክስ ነጻ ይሆናል፣ በምላሹ ባለቤቱ ኪራዩን እንደፈለገ መጨመር አይችልም። እፎይታውን እየተጠቀሙ ኪራዩን ከቁጥጥር ያወጡ ባለሀብቶች እ.ኤ.አ. በ2009 በግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተረትተዋል። እኛም በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ቢያንስ ለ2 ዓመት እንዲሆንና ጭማሪውም በመንግሥት በሚወሰን ገደብ እንዲመራ አድርገናል፤ ስለዚህ አከራዩ እፎይታውን የሚያገኘው ተከራዩን ካላስወጣ ብቻ ነው የሚል ድንጋጌ ለመጨመር ምንም አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልገንም።

ፊላዴልፊያ በበኩሏ ለእድሳት የሰጠችውን የ10 ዓመት እፎይታ ለአዲስ ግንባታም ጭምር ከፈተችው፤ ውድ አዳዲስ ቤቶች ሳይቀር ለዓመታት ሳይከፍሉ በመቆየታቸው ብዙ ቅሬታ አስነሣና እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ለአዲስ መኖሪያ ቤቶች የሚሰጠው በየዓመቱ እየቀነሰ እንዲሄድ ተደረገ። እዚህም «እድሳት» በሚል ስም አሮጌውን አፍርሶ ባለ አራት ፎቅ የሚያቆም እንደሚመጣ ከአሁኑ እናውቃለን። እፎይታው ሰው ለሚኖርበትና አካሉ ሳይፈርስ ለሚጠገን ቤት ብቻ መሆን አለበት።

የኢሊኖይ ግዛት ታሪካዊ ለሆኑ መኖሪያ ቤቶች ግምቱን ለ8 ዓመት ባለበት ታቆመዋለች፣ በሚቀጥሉት 4 ዓመታት ደግሞ ደረጃ በደረጃ ወደ ሙሉው ትመልሰዋለች። ይህን ቀስ በቀስ የመመለስ አሠራር ወድጄዋለሁ። የማልቀበለው ባለቤቱ ከቤቱ ዋጋ ሩብ ያህሉን ማውጣት አለበት የሚለውን መስፈርት ነው። የእኛ ሰው ዘንድሮ ቆርቆሮውን ይቀይራል፣ እቁቡ ሲወጣ መሠረቱን ያጠናክራል፣ ልጁ ከውጭ ሲልክለት ወለሉን ያነጥፋል። አንድ ጊዜ ብዙ ማውጣት የሚችል ሰው ብዙውን ጊዜ እፎይታው ያን ያህል አያስፈልገውም። ስለዚህ ወጪው በአምስት ዓመት ውስጥ ተደምሮ የሚቆጠርበት መንገድ ይፈለግ።

ከተማው ገቢ ያጣል የሚለውን ስጋት በአጭሩ እመልሰዋለሁ። ቤቱ ሳይታደስ ሲከፈል የነበረው ታክስ እንደሆነ ይቀጥላል፤ የሚዘገየው ያለ እድሳቱ ጭራሽ ሊገኝ የማይችለው ጭማሪ ብቻ ነው። እየወደቀ ያለ ቤት ደግሞ በየግምቱ ዋጋው ይወርዳል።

አሁን ወደ ንግግሬ ርእስ ልመለስ። በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት የተነሣ «ነገ ለሚፈርስ ቤት ለምን ገንዘብ አፈሳለሁ?» የሚል ጥያቄ በየሰፈሩ ይሰማል። ለሕዝብ ጥቅም ይዞታ ሲወሰድ ስለሚከፈል ካሳ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት በቦታው ላይ ላለ ቤት የሚከፈለው ካሳ የሚሰላው በመተኪያ ዋጋው ነው። ታክስን ፈርቶ እድሳቱን የደበቀ ሰው፣ ካሳ በሚተመንበት ቀን እድሳቱን ማስረዳት ይቸግረዋል። ስለዚህ የምጠይቀው እድሳቱ በይዞታው ማኅደር ውስጥ በሙሉ ዋጋው እንዲሰፍር፣ የታክስ ስሌቱ ግን ለ8 ዓመት እንዳያየው ነው። አንዱ ቁጥር ለካሳና ለውርስ ያገለግላል፣ ሌላው ለታክስ።

ሁለት ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወደ ቀበሌ የተዛወሩት፣ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበረው ቤቶች፣ ኪራዩ ለጥገና የማይበቃ ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ያለ ጠጋኝ ቀርተዋል። ዛሬም የዚያ ቤት ነዋሪ የንብረት ታክስ ባለዕዳ ስላልሆነ ይህ ሐሳብ አይደርሰውም፤ ለእሱ ሌላ መፍትሔ ያስፈልጋል እንጂ በዚህ ተሸፍኗል ብለን ራሳችንን ማታለል የለብንም። ሁለተኛ፣ በቱሉ ዲምቱና በቂሊንጦ ያሉት ኮንዶሚኒየሞች ገና አሮጌ ባይባሉም፣ ጣሪያቸውና የፍሳሽ መስመራቸው የጋራ በመሆኑ፣ ጊዜው ሲደርስ ማመልከት የሚችለው የነዋሪዎች ማኅበሩ መሆኑ ከአሁኑ ቢጻፍ ይሻላል።

ደንቡ እስኪወጣ ድረስ ከእናንተ የምጠይቀው ቀላል ነው። ከዚህ ክረምት በፊት ጥገና የምትጀምሩ ሁሉ ሥራው ሳይነካ በፊት የቤቱን አራት ማዕዘን፣ የመሠረቱን እግርና ጣሪያውን ፎቶ አንሡ፤ ከወረዳው የእድሳት ፈቃድ ውሰዱ፤ የሲሚንቶ፣ የብረትና የቆርቆሮ ደረሰኞቻችሁን ከግብር ደረሰኞቻችሁ ጋር በአንድ ማኅደር አስቀምጡ። ከወረዳዎች የመጣችሁ ባለሙያዎችም ለእድሳት ፈቃድ የምትሞሉት ቅጽ ላይ የሥራውን ዓይነትና ግምታዊ ወጪውን የሚይዝ አንድ መስመር እንድትጨምሩ እጠይቃለሁ፤ ለዚህ የማንም አዲስ መመሪያ አያስፈልግም። ጥያቄና ተቃውሞ ካለ አሁን እቀበላለሁ።