ፌስታሉ ውስጥ ያለው ውሃ

ክቡራን እንግዶች፣ የጽዳት ማህበራት አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

ሚዛንና ፌስታል ይዤ መድረክ ላይ ስወጣ አንዳንዶቻችሁ ስትሳሳቁ አይቻለሁ። አይዟችሁ፣ አይሸትም። ከራሴ ቤት ኩሽና የወጣ ነው። የድንች ልጣጭ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የተረፈ ወጥ ያለበት እንጀራ። መጀመሪያ ስመዝነው ልክ 2 ኪሎ ነበር። ከዚያ ቆርቆሮ ላይ ዘርግቼ ስድስት ቀን ፀሐይ አስመታሁት። ጎረቤቴ ከአጥር ማዶ አይተው "ድርቆሽ ነው እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። "አይ እትዬ፣ ቆሻሻ ነው" ስላቸው ምን እንዳሰቡ እግዜር ይወቅ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ትንሽ አጠር ብላለች።

አሁን ሚዛኑን እዩት። 600 ግራም። 1 ኪሎ ከ400 ግራሙ ውሃ ነበር ማለት ነው። የዛሬው ወሬዬ ስለዚያ ውሃ ነው።

የጠራችሁኝ ከከተማ ቆሻሻ መብራት ስለማመንጨት እንድናገር ነው። ምሳሌዬን ግን ከሩቅ አመጣለሁ፣ ዝናብ ከማያባራበት አገር። ማናውስ በአማዞን ደን መሀል ያለች የብራዚል ከተማ ናት። ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርባታል። ጥቁሩ ሪዮ ኔግሮና ጭቃማው ሶሊሞይስ የሚባሉት ወንዞች የሚገናኙት እሷ አጠገብ ነው። እኛ አድዋ ላይ ድል ባደረግንበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1896፣ እነሱ ከጎማ ዛፍ ባገኙት ገንዘብ ኦፔራ ቤት መርቀዋል። የኤሌክትሪክ የመንገድ መብራትም ከብዙዎቹ የብራዚል ከተሞች ቀድመው አይተዋል።

ከዚያ የጎማው ገበያ ወደቀ። ጨዋታው ሁሉ ተቀየረ። ይቺ ቀድማ መብራት ያየች ከተማ ከአገሪቱ ዋና የኤሌክትሪክ መስመር ጋር የተገናኘችው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? እስከዚያ ድረስ ነዳጅና ጋዝ በሚያቃጥሉ ጣቢያዎችና ባልቢና በሚባል ግድብ ነው የኖረችው።

ባልቢና ላይ ትንሽ ልቆይ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሥራ ሲጀምር 2,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ደን ውጦ ነበር። አቅሙ 250 ሜጋ ዋት ብቻ ነው። የእኛ የህዳሴ ግድብ ሐይቅ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ አቅሙ ግን ከ5,000 ሜጋ ዋት ይበልጣል። ልዩነቱን ራሳችሁ አስሉት። ይባስ ብሎ የሰጠመው ዛፍ አየር በሌለበት ውሃ ውስጥ በሰበሰ። አየር ሳያገኝ የሚበሰብስ ነገር ደግሞ ሚቴን ይለቃል። ሚቴን በመቶ ዓመት ሲሰላ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል የከፋ ጋዝ ነው። ንጹሕ ኃይል ተብሎ የተሠራው ግድብ የጋዝ ምንጭ ሆኖ አረፈው። እዚያው ማናውስ የሚሠራው ተመራማሪ ፊሊፕ ፊርንሳይድ ይህን ሲናገር ብዙ ዓመት ሆኖታል።

እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ተነስቶ "ለምን ቆሻሻችንን መብራት አናደርገውም?" ቢል አይፈረድበትም። ቆሻሻው እንደሆነ ሞልቷል። ማናውስን የሚሰነጣጥቁ ኢጋራፔ የሚባሉ ጅረቶች አሉ። ቃሉ በጥንቱ የቱፒ ቋንቋ "የታንኳ መንገድ" ማለት ነው። ዛሬ ከታንኳው በላይ ባዶ ሃይላንድ ነው የሚንሳፈፍባቸው። ከተማው ቆሻሻ ከውሃው ላይ በጀልባ ያስለቅማል። ሪዮ ኔግሮ በዓመት ውስጥ አሥር ሜትር ያህል ከፍ ዝቅ ይላል። ውሃው ሲጎድል ፕላስቲኩ ዳር ላይ ተሰልፎ ይቀራል።

እንግዲህ እናቃጥለው አልን እንበል። ሒሳቡ እነሆ። ጭሱ መርዝ እንዳይዝ ምድጃው ውስጥ ቢያንስ 850 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰከንድ መቆየት አለበት። ቆሻሻው ያለ ተጨማሪ ነዳጅ በራሱ እንዲነድ ደግሞ በኪሎ 6 ወይም 7 ሜጋ ጁል ሙቀት መስጠት ይኖርበታል። ደረቅ እንጨት 18 ገደማ ይሰጣል። ፌስታል ከ40 በላይ፣ ማለትም ለናፍጣ ምንም አይቀረው። እርጥቡ የኩሽና ቆሻሻስ? ውሃውን ለማትነን የሚሄደው ሲቀነስ ብዙ ጊዜ 3 ገደማ ብቻ ነው የሚቀረው። እርጥብ እንጨት ስታነዱ ዓይናችሁን ካጨሳችሁት እናቶች በላይ ይህን የሚያውቅ ኢንጂነር የለም።

ማናውስ ላይ በዓመት 2,300 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይጥላል። የአዲስ አበባ እጥፍ ገደማ። አንድ ሄክታር የቆሻሻ ክምር ሳይሸፈን ከተተወ በዓመት 23 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ይወርድበታል ማለት ነው። እንዲህ የታጠበና የተነከረ ቆሻሻ ምድጃ ውስጥ ስታስገቡ የምታመነጩት መብራት ሳይሆን እንፋሎት ነው፤ ያውም ተርባይን የማያዞር።

ግን አንድ ነገር አለ። ለእሳት ጠላት የሆነው ውሃ ለባክቴሪያ ወዳጅ ነው። እርጥብ ቆሻሻ አየር በሌለበት ጋን ውስጥ ከገባ ባዮጋዝ ይሆናል። በአፈር ተሸፍኖ በሥርዓት ከተቀበረም ጋዙን በቧንቧ መሳብ ይቻላል፤ ግማሽ ያህሉ ሚቴን ነው። ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ባንዴይራንቴስ የተባለው የቆሻሻ መቅበሪያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በዚህ መንገድ 20 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጭ ጣቢያ ነበረው። ለዝናብ ደን ከተማ የሚሻለው መንገድ ይሄ ይመስለኛል። እዚህም ቢሆን ውሃው አይተዋችሁም። ፍሳሹ በወጉ ካልተቀዳ ቧንቧው ይዘጋል፣ ጋዙ እዚያው ይቀራል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የቆሻሻ ክምር ቆሼ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ቀብሯል። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ስለ ሜጋ ዋት ስናወራ ያንን ቅዳሜ ማታ የሚያስታውስ ሰው አዳራሹ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ከቆሻሻ መብራት የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ እዚያው አጠገብ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመረቀ። የተሠራው በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ ተቀብሎ 25 ሜጋ ዋት እንዲሰጥ ነው። 25 ሜጋ ዋት ለአገር ትልቅ ቁጥር አይደለም። እኔ የምቆጥረው እንደ ቆሻሻ ማስወገጃ ነው፤ መብራቱ ምርቃት ነው። ቁጥሩ ደግሞ የሚሠራው ቆሻሻው በኪሎ 7 ሜጋ ጁል ገደማ ከሰጠ ነው። የክረምቱን ገንዳ ከፍታችሁ ስታዩ ይህ ቀላል ጥያቄ እንዳልሆነ ይገባችኋል።

አንድ የሚያወዛግብ ነገር ልጨምር። ማቃጠያው በጣም የሚወደው ፕላስቲክ፣ ካርቶንና ወረቀት ነው። ቆራሌውም የሚወደው እሱኑ ነው! ማናውስ ውስጥ ካታዶር ይሏቸዋል፤ ለቅመው ነው የሚያድሩት። ፋብሪካው ደረቁን ሁሉ ለኔ ካለ የእነሱ እንጀራ ምድጃ ገባ። እነሱ ደረቁን ከወሰዱ ደግሞ ለምድጃው የሚቀረው የድንች ልጣጭ ነው። እኔ ከቆራሌው ጋር ነኝ። አንድ ሃይላንድ ተመልሶ ፕላስቲክ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ተቃጥሎ ከሚሰጠው የበለጠ ኃይል ያድናል። እርጥቡን ለባዮጋዝና ለብስባሽ፣ ደረቁን ለቆራሌ፣ ለማንም የማይሆነውን ለምድጃ። ኃይል ማመንጫው የሚጀምረው መኪናው ከመምጣቱ በፊት፣ ኩሽና ውስጥ ሁለተኛ ባልዲ ሲቀመጥ ነው።

የማህበር አባላት ግን እዚህ ላይ ቅር እንደሚላችሁ አውቃለሁ። "እኛ ለይተን እናመጣለን፣ ገንዳ ላይ ተመልሶ ይቀላቀላል" ትላላችሁ። እውነታችሁን ነው። ሁለት ባልዲ አንድ ገንዳ ውስጥ ከተገለበጠ ለየን ማለት አይቻልም። ገንዳውም ሁለት መሆን አለበት፣ መኪናውም። ለዚህ የሚወጣው ወጪ ተርባይን ከመግዛት ጋር አንድ ላይ መታቀድ ነበረበት።

ከአዳራሹ በር ላይ ሁለት ባልዲ አስቀምጫለሁ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ። ለሻይ ዕረፍት ሙዝና ውሃ እንደተዘጋጀ ሰምቻለሁ። ልጣጩን አረንጓዴው ውስጥ፣ ሃይላንዱን ሰማያዊው ውስጥ ጣሉልኝ። ከሰዓት ይሄው ሚዛን ላይ አውጥተን እናያቸዋለን። አመሰግናለሁ።